የእንግዴ ልጁ ቁጣ

ሰኞ

ቀኑን አልጽፍም። ሠላሳ ዓመት የሳሙና ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ስሠራ ገቢ ሲሆን ቀን፣ ወጪ ሲሆን ቀን ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ በቃኝ። ጡረተኛ ሰኞን ከማክሰኞ ለይቶ ካወቀ ጎበዝ ነው።

ልጄ ቤት ገባሁ። ልጄ ሊፍት ገጣሚ ነው። ነገ ሌላ ከተማ ለሚሠራ ፎቅ ሊፍት ሊገጥም ይሄዳል፤ ሁለት ወር ይቆያል። ሚስቱ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። «እማ፣ አደራሽን» አለኝ በር ላይ። «አደራ የሚባለው ለማያውቅ ሰው ነው። አንተን ወልጄ የለ?» አልኩት። እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ዓይን አፋር ናት።

ረቡዕ

ምራቴ ላውንደሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ትተኩሳለች፤ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ነው። «ከነገ ጀምሮ ቤት ትቀመጫለሽ» አልኳት። «ፈቃድ ልጠይቅ እማማ?» አለች። «ፈቃዱ እኔ ነኝ!» ብዬ ራሴ ሄጄ አሠሪዋን አነጋገርኩት። አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው ያለ ሰው መጥቶ ይየን።

ዓርብ ማታ

እራት ላይ የፋብሪካውን ወሬ እያነሳሁ አሳቅኳት። ስትስቅ እንዴት ታምራለች! ይሄኔ የማሸጊያ ክፍሏ ልጅ ትዝ አለችኝ፤ ያቺ «በሽታው» አለባት የተባለችው። ሰው ሁሉ አብሯት ሻይ ለመጠጣት ሲፈራ መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ኩባያዋ ላይ ስሟን ጻፍኩበትና ለብቻው መደርደሪያ ሰጠሁት። ማንም ከማንም ሳይጣላ ተገላገልን።

«ልጅቷስ ምን አለች?» አለችኝ ምራቴ። ምን ትላለች? ብዙም ሳትቆይ ሥራውን ለቀቀች። ምራቴ ሹካዋን አስቀመጠች። አቅለሸለሸኝ አለች። በሰባት ወር ማቅለሽለሽ! የእርግዝና ነገር እንደየሰዉ ነው መቼም። ሳህኗን ሳትጨርስ ገብታ ተኛች።

ሰኞ

ዛሬ ቤቱን ገለበጥኩት። ቁም ሣጥኑን፣ መደርደሪያውን፣ ሁሉን አወረድኩ። ከፎጣዎቹ ሥር ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ አገኘሁ፤ ወረቀቱ ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል፤ ውስጡ ክኒን ሞልቷል። ስም የለው፣ ቀን የለው። ግምጃ ቤት ሳለሁ ምልክት ከሌለው ጠርሙስ ተጎንጭቶ ጉሮሮው የተቃጠለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፤ ምልክት የሌለው ነገር ዕቃ አይደለም፣ አደጋ ነው። ለዚያውም እርጉዝ ባለችበት ቤት! ካረጀ የሳል ሽሮፕና ከደረቀ የጥፍር ቀለም ጋር ጠቅልዬ ለቆሻሻ መኪናው ሰጠሁት።

እራት ላይ ነገርኳት። «ሁሉንም?» አለች። «ሁሉንም! እናንተ ልጆች መርዝና መድኃኒት አትለዩም» አልኳት። ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። ቆይታ «አመሰግናለሁ እማማ» አለች። ምስጋናው ዘገየ፤ ግድ የለም፣ እኔ ለምስጋና ብዬ አልሠራሁም።

ማክሰኞ

ጎሕ ሳይቀድ በመስኮት አየኋት። የቆሻሻ ገንዳው ዘንድ ቆማ በእንጨት ታገላብጣለች። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ እየሮጥኩ ወረድኩ። «ምን ጠፋብሽ?» «የጆሮ ጌጥ።» ምስኪን፣ ጠራርጌ ስጥል አብሮ ሄዶ ይሆናል። መኪናው ትናንት ወስዶታል፣ ገንዳው ሥር የቀረው ጥራጊ ብቻ ነው። ቢሆንም አብሬያት ፈለግሁ። ብርድ እንዳይመታት ሹራቤን አለበስኳት።

ሐሙስ

ጓደኛዬን ልጠይቅ ብላ ወጣች። ዳቦ ልገዛ ብወጣ ፌርማታ ላይ አገኘኋት። የምትጠብቀው ከተማውን አቋርጦ ወዲያኛው ጫፍ የሚሄደውን አውቶቡስ ነው! በዚያ መንቀጥቀጥ! «ካልሽ አብሬሽ ልሂድ» አልኳት። «አይ፣ ይቅር እማማ።» ይዣት ተመለስኩ፤ ከእንግዲህ እስክትወልጂ ያለ እኔ አትወጪም አልኳት። መንገድ ላይ አለቀሰች። ሆድ ሲከብድ ዕንባ ይቀላል፤ እኔም እንዲያ ነበርኩ።

ቅዳሜ

ልጄ ደውሎ ነበር። ማድ ቤት ሆኜ የእሷን ድምፅ ሰማሁ። «እንዳትነግራት። በእግዚአብሔር፣ ለእሷ እንዳትነግራት። እኔ መላ አገኛለሁ።» እኔን ሊያስደንቁኝ አንድ ነገር አስበዋል። ልደቴ ቀርቧል መሰለኝ፤ ራሴም ረስቼው ነበር። ሰው አለኝ እኮ። ቀኑን ሙሉ እያንጎራጎርኩ ዋልኩ።

ሰኞ

ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አዋላጇ ገና ወጣት ናት፤ «እናቴ፣ ትንሽ ውጭ ቢጠብቁን» አለችኝ። «ምን የሚደበቅ አለ? እናቷ ማለት ነኝ» ብዬ ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። አዋላጇ ምራቴን አየቻት፤ ምራቴ ጫማዋን አየች። «መድኃኒትሽን በደንብ እየወሰድሽ ነው?» አለቻት። የደም ማነስ ክኒኑን ማለቷ ነው። «አዎ» አለች ምራቴ። እኔም መሰከርኩ፤ «በየቀኑ በእጄ ነው የምሰጣት» አልኩ።

ስንመለስ መሬት መሬት እያየች ትሄድ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ የሚያምሽ ነገር ካለ ንገሪኝ እንጂ» አልኳት እየቀለድኩ። ቀና ብላ አየችኝ። አፏን ልትከፍት ነበር፤ መንገዱ ላይ ጎረቤት አገኘንና ቀረ።

እሑድ

ልጄ ዛሬ እመጣለሁ ብሎ ነበር፤ አለቃው አልለቀውም። ምራቴ ስልኩን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ሦስት ሳምንት እንኳን መቻል አቃታት። በእኛ ጊዜ ባል ወታደር ቤት ዓመት ይከርም ነበር።

ረቡዕ

አተኩሷታል። ጉንፋን ነው አልኩ። ሾርባ ሠራሁላት፣ ግማሹን ጠጣች። ማታ ላቧ ትራሱን አራሰው።

ቅዳሜ

ንጋት ላይ ቀሰቀሰችኝ። አንሶላው ርሷል። «እማማ፣ የሽርት ውሃ መሰለኝ።» አየሁት። የምን የሽርት ውሃ! ገና ስምንት ወሯ ነው፣ ምጥ የለ፣ ቁርጠት የለ። «ልጁ ፊኛሽ ላይ ተቀምጦ ነው። እኔ ባልሽን ሳረግዝ ሁለት ሳምንት እንዲሁ ሲንጠባጠብብኝ ነበር። ሽንት ነው» አልኳት። «ሐኪም ቤት ብንሄድስ?» አለች። «ለሽንት ብለን ሄደን ይሳቁብን?» አንሶላውን ቀየርኩላት፣ እግሯን ከፍ አድርጌ አስተኛኋት። እሺ አለች። እሺ የማትለው ነገር የላትም።

እሑድ

አሁንም ይንጠባጠባል። ትኩሳቱም አልለቀቃት። ነገ ካልተሻላት እንሄዳለን።

ሰኞ

ሐኪም ቤት። ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ውሃው ሸተተ። ምጥ ያዛት። አዋላጇ «መቼ ነው የፈሰሰው?» ብላ ጮኸችብኝ። ቅዳሜ አልኩ። ፊቷ ተለዋወጠ። አስወጡኝ። ልጄ መንገድ ላይ ነው። አምላኬ።

ማክሰኞ

ወንድ። ትንሽዬ ነው፣ መዳፌን አይሞላም ለማለት ምንም አይቀረው። ግን ጮኸ! እሰይ!

እሷ ደክማለች፣ በሕይወት አለች። ልጄ ማለዳ ከነቱታው ደረሰ።

ሐኪሙ ወጥቶ «እንግዴ ልጁ ተቆጥቷል» አለን። ከድካሙ ከደስታው የተነሳ ሳቄ መጣ፤ «ማን አስቆጣው ደግሞ?» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሐኪሙ ቁስል እንደሚቆጣው ማለት ነው ብሎ አስረዳኝ። ያን እኔም አውቃለሁ፤ ቀልዴን ነበር። ደስታ ቀልድ አያሳጣም አይደል? ሕፃኑን ገና ሳይሰጡን መርፌ በሌለው ስሪንጅ አንድ ሽሮፕ አፉ ውስጥ ጠብ አደረጉለት። የምን ሽሮፕ ነው ብል የመከላከያ ነው አሉኝ። ከምን? ብል ወደ ሌላዋ ወላድ አለፉ።

ረቡዕ

አፉ ደርቆ ስኳር በውሃ በጥብጬ በማንኪያ ላቀምሰው ስል ምራቴ ከአልጋዋ ጮኸች። «እማማ፣ አይስጡት!» ድምፅ እንዳላት ዛሬ አወቅሁ። ከጡት ሌላ ጠብታ እንዳይገባ ታዘናል አለች። ማንኪያዬን መለስኩት። ከመጣሁ ጀምሮ እምቢ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ልጄን የሚያህል ሰው በውሃና በስኳር አላሳደግሁም? ተቀየምኩ፤ እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ተቀየምኩ።

ሐሙስ

ልጄ ደረጃው ላይ አስቀመጠኝ። ሊፍቱ አጠገባችን ይወጣል ይወርዳል።

«እማ፣ ከፎጣው ሥር የነበረውን ብልቃጥ ጣልሽው?»

«ወረቀት የሌለውን? አዎ።»

«የኤችአይቪ መድኃኒቷ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ቆራርጬ ነው የሰማሁት። ከመጋባታቸው በፊት ጀምሮ ያውቃል። እሱ ነፃ ነው። እሷ ክኒኗን ሳታጓድል ስትውጥ ስለኖረች ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እስከማይታይ ወርዶ ነበር፤ እንደዚያ ሳለች ልጅ ወልዳ ነፃ ልጅ ማቀፍ ትችል ነበር። የምትታከመው ከተማው ማዶ ነው፣ ሰው እንዳያያት። ፌርማታው ላይ የመለስኳት ወደዚያ ስትሄድ ነው።

«ብልቃጡን ማን ላጠው?» አልኩት። ሌላ የምለው ጠፋኝ።

«እኔ ነኝ የላጥኩት። አንቺ መነጽርሽን አድርገሽ የማታነቢው ነገር ስለሌለ።»

ሐሙስ ማታ

ተናድጃለሁ። ለምን አልነገሩኝም? እኔ ባዳ ነኝ? አፌን ጠብቄ ለማንም እንደማልተነፍስ አያውቁም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በገዛ ልጄ ቤት የማላውቀው እኔ ብቻ። ቢነግሩኝ ኖሮ በእጄ እያጎረስኩ አስውጣት ነበር። ልጄን ይህንኑ ስለው «በመጣሽ በሳምንቱ የኩባያዋን ወሬ ነግረሻት የለ እንዴ?» አለኝ።

ነግሬያታለሁ። ያውም እየሳቅሁ። መልካም እንደሠራሁ አድርጌ። ምላሴን በቆረጠው።

ዓርብ

መጻፍ አልቻልኩም።

ሰኞ

ሐኪሙን ለብቻው አገኘሁት። የተማረ ሰው ሆኖ እንደ ሰው ያወራል። «ያ ቁጣ ምንድን ነው የሚያደርገው?» አልኩት። እንግዴ ልጅ ማለት በእናትና በልጅ መካከል ያለ ግድግዳ ነው አለኝ፤ ምግቡን ያሳልፋል፣ ክፉውን አብዛኛውን ጊዜ ይመልሳል። ብዙ እናቶች ቫይረሱ እያለባቸው ያ ግድግዳ ልጁን ይጠብቅላቸዋል። ውሃው ቀድሞ ከፈሰሰና ጀርም ወደ ላይ ከወጣ ግን ይቆጣል፤ ያብጣል፣ ይሳሳል። ሊከላከሉ የሚመጡት የደም ሴሎች ራሳቸው ቫይረሱን ተሸክመው ይገባሉ። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ተቋርጦ ቫይረሱ በዝቶ ነበር አለኝ።

«ልጁን ይዞት ከሆነ፣ የትኛው ነው ያስያዘው?» አልኩት። «መለየት አይቻልም እናቴ። የመድኃኒቱ መቋረጥ አለ፣ ውሃው ፈስሶ መቆየቱ አለ፣ ቁጣው አለ። ተደጋግፈው ነው የሚመጡት።» ከሦስቱ አንዱ እንኳን ከእጄ የራቀ ይሆናል ብዬ ነበር የጠየቅሁት። ውሃው የቆየው በማን ነው? ሽንት ነው ያለ ማነው? አመሰግናለሁ ብዬው ወጣሁና ደረጃው ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሽንት ነው ማለቴን ለሐኪሙ አልነገርኩትም። አፌ እንቢ አለ።

ረቡዕ

ቤት ገብተናል። ልጄ ሥራውን ለሌላ አስረክቦ መጥቷል። ምራቴ መድኃኒቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ነው የምትውጠው፤ አሁን የሚደበቅለት የለም። ይቅርታ ልጠይቃት ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በአራተኛው «ሾርባ ላምጣልሽ?» አልኩ። «ያምጡልኝ እማማ» አለች። ልጁን ሳቅፍ አትከለክለኝም። ብትከለክለኝ ይቀለኝ ነበር።

ማክሰኞ

ተረከዙን ወግተው ደሙን ወረቀት ላይ አንጠበጠቡት። ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ውጤቱ ሲመጣ እንጠራችኋለን አሉ። ምክር የምትሰጠዋ ነርስ ምራቴን ጠየቀቻት። «መሃል ላይ መድኃኒት አቋርጠሻል። ለምን?» እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። «ዘንግቼ ነው» አለች።

«እናት ይህን ትዘነጋለች?» ብላ ተቆጣቻት። የጠላት ያህል ነው የተናገረቻት። ምራቴ ጭንቅላቷን ደፍታ ሰማች። እኔም አብሬ ሰማሁ። ዝም ብዬ ሰማሁ!

ዓርብ

ልጁ ጠባ። ተኛ። ሳቀ መሰለኝ። ልጄ ነፋስ ነው አለ። ሳቅ ነው።

እሑድ

ስልክ በጮኸ ቁጥር ሦስታችንም እናያለን። ልጄ የስልኩን ጥሪ ዝቅ አድርጎት ነበር፤ ምራቴ መልሳ ከፍ አደረገችው። ስለት ተሳልኩ። ከእኔ ዕድሜ ቀንስና ለእሱ ስጥ አልኩ። ከዕድሜዬ ምን ያህል እንደቀረ እንጃ፤ ያለውን ያህል።

ዓርብ ማታ

ጠሩን። ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ በሩን ዘግቶ ወንበሩን ወደ ምራቴ አስጠጋ። ያኔ አወቅሁ። ደህና ነገር ለመናገር ማንም ወንበር አያስጠጋም።

በልጁ ደም ውስጥ ቫይረሱ ተገኝቷል። ሌላ ደም ወስደው ያረጋግጣሉ፤ ሕክምናው ግን ዛሬውኑ ይጀመራል፣ አይጠበቅም። በደንብ ከወሰደ ያድጋል፣ ይማራል፣ ይሮጣል፣ ያገባል አለን። ልጄ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ምራቴ አላለቀሰችም። «እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ።» ነርሷ ጥጉ ላይ ቆማ «መዘንጋት ዋጋ ያስከፍላል፤ ከአሁን በኋላ ግን» ማለት ስትጀምር ተነሳሁ።

«አልዘነጋችም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። «መድኃኒቱን የጣልኩት እኔ ነኝ። ልታመጣ ስትሄድ ከመንገድ የመለስኳት እኔ ነኝ። ውሃው ሲፈስ ሽንት ነው ብዬ ያስተኛኋትም እኔ ነኝ። እሷን አትናገሯት።»  ልጄ ቀና አለ፤ ስለ ውሃው አያውቅም ነበር። ያየኝን አስተያየት አልጽፈውም።

ወደ ቤት የተመለስነው እኔና ምራቴ ነን። ልጄ ሽሮፑንና መድኃኒቱን ሊያመጣ በዚያው ቀረ። ምራቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ ልጁን ታጠባለች፤ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። አሁን ካላልኩ መቼም አልልም ብዬ ገባሁ። ይቅር በይኝ ለማለት እግሯ ሥር ልወድቅ ስል በነፃ እጇ ክንዴን ያዘችኝ።

«ይተዉ እማማ። ይቀመጡ። ጥፋቱ የእኔም ነው። መናገር ነበረብኝ።»

«ለማን?»

ዝም አለች። ልጁ ጡቱን ለቆ እጄን አየ፤ ጣቴን ሰጠሁት፣ ጨበጠው።

«ለማን ነበር የምትናገሪው? ለእኔ?»

አሁንም ዝም። ሐሰት መናገር አልፈለገችም። እኔም እንድትዋሽልኝ አልፈለግሁም፤ ስለ እኔ የዋሸችው ይበቃታል።

«በአንቺ ቦታ ብሆን» አልኳት፣ «እኔም ለእኔ አልናገርም ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።